የቨርጂል ሁለት ሽጉጦች

ማክሰኞ፣ ኦገስት 12

ቲማቲሙን ለቀምኩ። የመጨረሻው ነው። ግማሹ ተሰንጥቋል፣ ዝናብ ሲበዛበት እንዲህ ይሆናል። ለሉርሊን አንድ ቅርጫት ወሰድኩላት። ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ናት… አመስግና ሳታበቃ ዐይኗ በረንዳዬ ላይ ባሉት ወንበሮች አረፈ። ይዘሻቸው ትሄጃለሽ ወይ አለችኝ። አዎ አልኩ። ልተዋቸው አስቤ ነበር፣ ግን አጠያየቋ አላማረኝም።

ቤቱ ተሸጧል። ከናሽቪል የመጡ ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። ሲበዛ ይስቃሉ። ምንም ሳይከራከሩ ለምን ገዙ? እኔ የማላውቀው ነገር ከመሬቱ ስር ይኖር ይሆን? ባሌ ቨርጂል ቢኖር ይስቅብኝ ነበር። "አርዲት፣ አንቺ እኮ የገና ስጦታም ስትከፍቺ ጓንት ታደርጊያለሽ" ይለኝ ነበር።

ከርቲስ ደወለ። ድሮ በወር አንዴ ነበር፣ አሁን በየቀኑ ነው የሚደውለው። ኒው ዮርክ ሲባል ሰው ሁሉ ፎቅ ይመስለዋል፤ ልጄ ያለበት ግን ላምና በረዶ ብቻ ነው። ከጋራዡ በላይ ያለውን ክፍል ቀለም ቀብተውልኛል። ቀለሙን ማን መረጠ? ኮሊን። ሚስቱ። ገምቼ ነበር።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እማዬ፣ ስለ ሽጉጦቹ መነጋገር አለብን" አለ። ይኸው! ስጠብቃት የነበረችው ነገር መጣች።

ሐሙስ፣ ኦገስት 14

ዕቃ አጓጓዡ ዋጋ ሊገምት መጣ። ወፍራም፣ ትሁት ሰው። በጣም ትሁት ሰው ያሳስበኛል። መኝታ ቤት ስንደርስ፣ "ማዳም፣ ሽጉጥና ጥይት እኛ አንጭንም" አለ። እንዳለኝ ማን ነገረህ አልኩት። ለሁሉም የምንለው ነው አለኝ። ይሆናል… ግን ሲናገር ቁም ሣጥኑን እያየ ነበር። ሽጉጦቹ ያሉት ደግሞ እዚያው ነው።

ሁለት ናቸው። አንዱ ባለ ስድስት ጎራሹ፣ ከአባቱ ለቨርጂል የወረደ። ሌላው የእኔ ትንሹ፣ ለሃያ አምስተኛ ዓመታችን ቨርጂል የሰጠኝ። ሌላዋ ሴት ወርቅ ይሰጣታል። እኔ ወርቅ አልጠየቅኩም። ቨርጂል የመብራት ምሰሶ ላይ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው፤ አውሎ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ጠርተው ይወስዱታል፣ እኔ ሸለቆው ውስጥ ብቻዬን አድራለሁ። እኛ ጋ ፖሊስ ተጠርቶ እስኪደርስ ዳቦ ተቦክቶ ይጋገራል።

እዚህ ቴነሲ ሽጉጥ እንደ መጥረቢያ ነው፣ ማንም ስለሱ አይጠይቅም። እዚያ ግን የራሳቸውን ፈቃድ ሳታወጪ ለአንድ ቀንም ቤት ማስቀመጥ አይቻልም ነው የሚለው ከርቲስ። ወንጀል ነው፣ እስር አለበት። እውነት ይሆን? ወይስ ኮሊን ያስጠናችው ነው? መጀመሪያ ሽጉጡን፣ ቀጥሎ መኪናውን፣ ከዚያ እኔን ራሴን ወደ መጦሪያ ቤት… እንዲህ ነው የሚጀመረው። የሉርሊን እህት ላይ የሆነውን በዐይኔ አይቻለሁ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 16

የግሬዲ ሱቅ ሄድኩ። ግሬዲ ከቨርጂል ጋር የተማረ ነው፣ ከእሱ ሌላ የማምነው ባለ ሽጉጥ ሱቅ የለም። እሱንም ቢሆን ሙሉ ለሙሉ አይደለም። ከርቲስ ያለው እውነት ነው አለኝ። መንገዱ አንድ ነው፦ እሱ እዚያ ላለ ፈቃድ ያለው ሱቅ ይልካቸዋል፣ ፈቃዴ እስኪወጣ ካዝና ውስጥ ይቀመጣሉ። ስንት ጊዜ? ወራት ይፈጃል አለ።

"ሌላ የለሽም አይደል አርዲት? ሁለት ብቻ?" አለ።

"ሁለት ብቻ" አልኩት።

ዘወር ሲልልኝ እጀታዎቹን ከስር በምስማር ጫር ጫር አደረግኋቸው። እንዳይለውጡብኝ። ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር።

ስወጣ ባዶ እጄን ነበርኩ። ቨርጂልን ሆስፒታል ትቼው የወጣሁ ዕለት የተሰማኝ ዓይነት ነገር ተሰማኝ።

ረቡዕ፣ ኦገስት 20

መቃብሩ ላይ የበቀለውን ሣር ነቀልኩ። ዛሬ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ዓርብ፣ ኦገስት 22

ተነሳሁ። የዕቃው መኪና ትናንት ሄዷል፣ ወንበሮቹንም ይዞ። እኔ በመኪናዬ፣ በቡይኳ። ከመነሳቴ በፊት እንደ ሁልጊዜው አየኋት። ጎማ፣ ዘይት፣ ውሃ። ከወንበሩ ስር ያለው እንዳለ ነው። ቨርጂል ያስተማረኝ ነው፣ መንገድ ስጀምር ሳላይ አልነሳም።

ሉርሊን አለቀሰች። እውነቷን ይሆን? እኔም አለቀስኩ፣ ስለዚህ እሷም እውነቷን ይሆናል።

ሞቴል፣ ቨርጂኒያ። ጸሐፊው የት እንደምሄድ ጠየቀኝ። ምን አገባው? ወደ ፍሎሪዳ አልኩት።

እሑድ፣ ኦገስት 24

ደረስኩ። ክፍሉ ቢጫ ነው። ደስ አይልም አልልም። ኮሊን አቀፈችኝ፣ ረዘም አድርጋ። ሻንጣዬን ከመቀበሏ በፊት፣ "እማማ አርዲት፣ ሽጉጦቹ ከእርስዎ ጋር አይደሉም አይደል?" አለች። ፈገግ እያለች። ግሬዲ ነው የላካቸው አልኳት። ዐይኗ ግን ወደ ቡይኳ ሄደ። ገና ከመድረሴ ልትፈትሸኝ ነው?

የልጅ ልጄ ቴስ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። የቨርጂል አገጭ አላት። እጄን ይዛ አልለቅም አለች… ይቺን ልጅ አልጠረጥራትም።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 26

ከከርቲስ ጋር ወደ እዚህኛው ሱቅ ሄድን። ካዝናውን ከፍቶ አሳየኝ። ጭረቶቼ አሉ። ነክቼ እንድይዛቸው ግን አልፈቀደም። የገዛ ሽጉጤን እንደ ሙዚየም ዕቃ በሩቁ አይቼ ተመለስኩ።

ለፈቃዱ ስለ ጸባዬ የሚመሰክሩ አራት ሰዎች ያስፈልጋሉ። እዚሁ የሚኖሩ፣ ዘመድ ያልሆኑ። አራት! ስለ እኔ ጸባይ ደግ የሚናገር አራት ሰው ቴነሲም ሳለሁ ከመቃብር ውጪ አላገኝም ነበር። ከርቲስ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሕጉን ያወጣው ሰው መጤ ሽጉጥ እንዳይኖረው ፈልጎ ነው። ደግሞ ተሳክቶለታል።

ይሁን፣ ሰው ላበጅ። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። የፖም ኬክ እጋግራለሁ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 3

ሦስት አገኘሁ። ሁለቱ ከቤተ ክርስቲያን፣ አንዷ ከቤተ መጻሕፍት። ኬክ የማይሠራው ሥራ የለም።

አራተኛው ሚስተር ፔልቴር ቢሆን ይላል ከርቲስ። የአጥሩ ጎረቤት ነው፣ ላሞቹን የሸጠ ሽማግሌ። እኔ ግን አልወደድኩትም። ጠዋት ጠዋት መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ወደ እኔ መስኮት ያያል። በየቀኑ! ማን ነው እንዲጠብቀኝ የነገረው? ኮሊንን ሲያገኛት ያወራታል፣ አይቻለሁ።

ቢሆንም ኬኩን ይዤለት ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሞ ተቀበለኝ። ሽጉጥ ለምን ያስፈልግዎታል አለኝ። ማን ሲያየኝ እንደሚውል ስለማላውቅ ነው አልኩት። ኬኩን ተቀበለኝ። ከዚያ እፈርማለሁ አለ። ይህን ሁሉ ሰምቶ ለምን ፈረመ? እሱንም ማሰብ አለብኝ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

የኮሊን መኪና ተበላሸ። ቡይኳን ለሁለት ቀን አዋሺኝ ብላ ጠየቀች። ቴስ በምትማርበት ትምህርት ቤት ነርስ ናት፣ አብረው ነው የሚሄዱት። ቁልፉን ሰጠኋት። ምን ልበል? በቢጫ ክፍላቸው ነው የምኖረው። ሰባት ሰዓት ላይ ምሳዬን ስበላ ግን አሰብኩት… ሌላ መኪና ሊያከራይ የሚችል ሰው በሞላበት ለምን የእኔን?

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 11

ትናንት ከሰዓት ኮሊን ከሥራ ሰዓቷ ቀድማ መጣች። ቡይኳን ጋራዥ ውስጥ አስገባችና በሩን ዘጋች። መኪናዬ ውጪ ነው የምታድረው፣ ሁልጊዜ። ፊቷ ወረቀት መስሏል። አሞሽ ነው? አይ ደክሞኝ ነው አለች። ቴስን እጇን ይዛ፣ ጎትታ ማለት ይሻላል፣ አስገባቻት። ልጅቱ ዞራ እንኳን አላየችኝም።

ዛሬ ቁልፌን ጠየቅኩ። ከርቲስ ነው የመለሰልኝ። ፍሬኗ ድምፅ አለው፣ መካኒክ ይያት አለ።

ፍሬኗ ድምፅ የለውም። ከቴነሲ እዚህ ድረስ የነዳኋት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 13

መካኒክ አልመጣም። ጋራዡ ተቆልፏል፣ አዲስ ቁልፍ ነው የገባለት። እኔ ከላይ ተኝቼ መኪናዬ ከስሬ ታስራለች።

ወጥ ቤት ስገባ ንግግር ይቆማል። ዛሬ ከደረጃው ላይ ሆኜ የከርቲስን ድምፅ ሰማሁ። "ሆን ብላ ነው ብዬ ማሰብ አልችልም" ይላል። ኮሊን ደግሞ፣ "ሳታውቅ እንዴት ይሆናል?" ትለዋለች። ምኑን ነው ሆን ብዬ ያደረግሁት? ምኑን ነው ያላወቅሁት? የምድጃውን ነው? ባለፈው ሳምንት ምድጃ ሳላጠፋ ወጥቻለሁ፣ አንዴ ብቻ… እርጅና ብለው ሊጽፉብኝ ነው። አእምሮዋ ደክሟል፣ መንዳት አትችልም፣ ፈቃድም አይገባትም። ኮሊን ነርስ ናት። የምትጽፈውን ታውቃለች።

ቴስ ክፍሌ መምጣት አቁማለች። ይሄ ነው ከሁሉ የጎዳኝ። በልጅ አትምጡብኝ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 15

ቦርሳ የያዘች ሴት መጣች። ግራጫ ልብስ፣ ጠፍጣፋ ጫማ። ከኮሊን ጋር ጋራዥ ገቡ፣ ቆይተው ወጡ። ሴትዮዋ ቀና ብላ መስኮቴን አየች፣ ያየችኝ ይመስለኛል። የመጦሪያ ቤት ናት። ወይም የፍርድ ቤት። ከአጥሩ ማዶ ፔልቴር መጋረጃውን ገልጧል። ሁሉም ያውቃል፣ እኔ ብቻ ቀረሁ።

ሻንጣዬን አወጣሁ። መኪናዬን ከሰጡኝ ነገ ቴነሲ ነኝ። ግን ወዴት? ቤቴ ውስጥ የሚስቁት ሰዎች ገብተዋል። ሉርሊን ጋ? በሶፋ ላይ? …ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ። ሌባ አይደለም የፈራሁት። መሄጃ ማጣትን ነው።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 16

እንደሆነው ልጻፈው።

ቴስ ጓደኛዋ ጋ ነበረች። ወጥ ቤት ገባሁ፣ ሁለቱም አሉ። ቁልፌን አምጡ አልኩ። መጦሪያ ቤት ልታስገቡኝ ከሆነ ፊት ለፊት ንገሩኝ፣ ከጀርባዬ ሰው አታምጡብኝ። ከርቲስ፣ "ምን መጦሪያ ቤት?" አለ። ኮሊን ምድጃውን አጠፋችና ዞረች።

"እማማ አርዲት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይዘው የመጡት ሽጉጥ ስንት ነው?"

"ሁለት። ታውቂ የለም? ካዝና ውስጥ ናቸው።"

"ከሾፌሩ ወንበር ስር ያለውስ?"

"እሱማ የመኪናዋ ነው" አልኩ።

አፈጠጡብኝ። ምን እንደሚያዩብኝ አልገባኝም። ከርቲስ ቀስ ብሎ፣ "የመኪናዋ?" አለ። የመኪናዋ ነዋ! አባትህ ቡይኳን የገዛ ዕለት ነው ያስገባው። የሚቀመጥበትን ኪስ እኔ ነኝ ከአሮጌ የሥራ ሱሪው የሰፋሁለት። ክሪክ አለ፣ ትርፍ ጎማ አለ፣ እሱ አለ። እንደዚያ እያልኩ ስዘረዝር የገዛ ድምፄን ሰማሁት።

ተቀመጥኩ።

በፍጹም አልመጣልኝም። ሽጉጥ ሲባል ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ናቸው። ግሬዲ ጠይቆኝ ሁለት ብቻ ስለው አልዋሸሁም። ከመነሳቴ በፊት በእጄ ነክቼ፣ አለ ብዬ፣ እንደ ዘይት ልክ አይቼ ነው የተነሳሁት። ስንት ግዛት አቋርጬ።

ኮሊን ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ሁለቱንም። "አላወቀችም ከርቲስ" ትላለች። "አላወቀችም እኮ።" ለካ ስድስት ቀን ሙሉ እነሱ እኔን ነው የጠረጠሩት። ፈቃዱ እስኪወጣ ብዬ ሦስተኛውን ደብቄ ያስገባሁ መስሏቸው! ልቆጣ አፌን ከፈትኩና… በምን ፊቴ?

ከዚያ ጠየቅኩ። ማን አገኘው?

ኮሊን ከርቲስን አየችው። ንገሪያት አላት።

"ቴስ ናት። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመናል። ላጲሷ ወደቀና ከኋላ ሆና እጇን ከወንበሩ ስር ሰደደች። 'እማዬ፣ ይሄ የአያቴ ነው?' አለችኝ። ዞር ስል በሁለት እጇ ይዛዋለች።"

ጎርሷል። ሁልጊዜ ጎርሶ ነው የሚቀመጠው። ባዶ ሽጉጥ መዶሻ ነው ይል ነበር ቨርጂል። ስንት ጊዜ ስቄያለሁ በዚህ አባባል። ልጅቱ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የእሱ አገጭ…

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 17

ምግብ አልወረደልኝም። ኮሊን ሾርባ ይዛ ወጣች። ምን ጨመረችበት ብዬ አልጠየቅኩም።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 18

አሁን ሁሉንም አውቄያለሁ። ባለ ግራጫዋ ጠበቃ ናት፣ ወይዘሮ ሃውክ። ኮሊን ያን ዕለት ሽጉጡን ከልጅቱ እጅ ተቀብላ ወደ ኪሱ መለሰችው፣ ቤት እስክትደርስም እያለቀሰች ነዳች። ለትምህርት ቤቱም ለፖሊስም አልተናገረችም። ይሄ ነው ጥፋቷ። ትምህርት ቤት በር ላይ የጎረሰ ሽጉጥ ይዛ የቆመች ነርስ… ፈቃድ የሌላት ናት፣ እጇ ላይ ተገኝቷል። ሥራዋ ይሄዳል፣ ከዚያም የባሰ ሊመጣ ይችላል።

ሽጉጡ በጠበቃዋ በኩል ለሸሪፉ ይሰጣል። ነገ። በገዛ እጁ ለሚያስረክብ ሕጉ ይለሰልሳል ብላለች ወይዘሮ ሃውክ። ችግሩ የማን ነው ሲሉ ነው። የእነሱ ሐሳብ ኮሊን ቀርባ፣ የሟቹ አማቴ ነው፣ መኪና ሳጸዳ አገኘሁት እንድትል ነበር። እኔ ሳልነሳ። ስሜ ከተነሳ የቨርጂል ሁለቱ ሽጉጦች አከተመላቸው፣ ፈቃድ የሚሰጠኝ ዳኛ የለም።

"ታዲያ እኔን ለማዳን ብለሽ ነው?" አልኳት።

"እነዚያን ሁለቱን እንደሚወዷቸው አውቃለሁ" አለች።

ስድስት ቀን ቁልፌን ደብቃ ይህን ስታስብ ነበር። እኔ ደግሞ ሻንጣ ሳወጣ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። የጠረጠረስ?

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 19

የሸሪፉ ቢሮ ጠባብ ነው፣ የሰም ሽታ አለው። ወይዘሮ ሃውክ ቀድማ ደውላለች። አትናገሩ፣ እኔ እናገራለሁ ብላ አስጠንቅቃናለች። ከመስኮቱ በስተጀርባ ያለው ልጅ እግር ነው፣ ጢሙ ገና አልሞላም። ኪሱ እንዳለ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፣ ጥይቶቹ ለብቻ።

"የማን ነው?" አለ።

ወይዘሮ ሃውክ ጉሮሮዋን ጠረገች። ኮሊን አፏን ከፈተች። ቀደምኳት።

"የእኔ ነው። ከቴነሲ የነዳሁትም እኔ ነኝ፣ ለምራቴ መኪናውን ያዋስኩትም እኔ ነኝ። እሷ ከወንበሩ ስር ምን እንዳለ አታውቅም ነበር።"

"እርስዎ ያውቁ ነበር?"

"እንደ እጄ አውቀዋለሁ። ረሳሁት ብልህ አታምነኝም። እኔም አንተን ብሆን አላምንም ነበር። ግን እንደዚያ ነው።"

ጻፈው። ትምህርት ቤቱንም ነገርኩት፣ ቴስንም፤ ሲጠይቁኝ ሳይሆን በራሴ። ወይዘሮ ሃውክ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፣ አልተውኩም። ለሌላ ሰው ከተውኩት ኮሊን ላይ ነው የሚያርፈው። ቢያስሩኝም ይሰሩኝ ብዬ ነበር። አላሰሩኝም፤ ወደ ቤት ሂዱና ጠብቁ ተባልን።

ኪሱን መለሱልን። ሽጉጡ ቀረ። ከርቲስ ነበር የሚነዳው። ኮሊን እጄን ያዘችኝ፣ እኔም ተውኳት።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

ወይዘሮ ሃውክ ደወለች። በእኔ ላይ ክስ የለም። ኮሊንን ትምህርት ቤቱ ጠርቶ ገሠጻት፣ ሥራዋ ላይ ናት። ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ።

የፈቃድ ማመልከቻዬን ራሴ ሳብኩ። ከመባረር በእግር መውጣት ይሻላል። ሁለቱ ሽጉጦች ወደ ግሬዲ ይመለሳሉ፣ ከእሱ በሕጉ መሠረት ወደ ሉርሊን። ደውዬ ጠየቅኳት። "እስክትመለሺ እጠብቅልሻለሁ" አለች። እንደማልመለስ ሁለታችንም እናውቃለን። ወንበሮቹን በፖስታ መላክ ቢቻል ዛሬውኑ እልክላት ነበር።

አለቀስኩ። የቨርጂል አባት የያዘው፣ ቨርጂል የያዘው። ልጄ መያዝ አልፈለገም። እዚህ ላይ ያበቃል።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

ፔልቴር ጋ ሄድኩ። ስሙን በከንቱ ስላስፈረምኩት ይቅርታ ልጠይቅ። ይግቡ አለኝ እንጂ በር ላይ አላቆመኝም። ወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ አስቀመጠኝ። ከዚያ ሆኖ ሲታይ የእኔ መስኮት በግማሽ ነው የሚታየው። ፊት ለፊት ያለው የፖም ዛፍ ነው፣ ከአጥሩ ወዲህ በእኛ ግቢ ያለው።

"ሚስቴ የተከለችው ነው" አለ። "አጥሩ የተሠራው በኋላ ነው።"

ኬኩን የጋገርኩለት ከዚያው ዛፍ ለቅሜ ነበር። ነገርኩት። አውቃለሁ፣ ጣዕሙን ለየሁት አለኝ። ስንት ነገር ነው ያሰብኩበት በዚህ ሰውዬ…

ቴስ ዛሬ ክፍሌ መጣች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት?" አለችኝ። አይደለሽም። እኔ ነኝ አልኳት። ደግሜ አልኳት።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 14

በረዶ ጣለ። የመጀመሪያው። ገበያ ሄጄ ስወጣ መሽቷል፣ እዚህ ቀኑ ቶሎ ነው የሚዘጋው። ቡይኳ ውስጥ ገባሁ፣ መስታወቱ ነጭ ሆኗል፣ ውጪው አይታይም። አንድ ሰው ወደ መኪናዋ ሲመጣ ጥላውን አየሁት። ትልቅ ሰው። ቀጥ ብሎ ወደ እኔ።

እጄ ሳላዘው ከወንበሩ ስር ገባ።

ኪሱ እዚያው ነው። ውስጡ ደግሞ ጠንካራ ነገር አለ። መለሱት? ማን? ለምን?

ሳወጣው የበረዶ መፋቂያ ነው። አዲስ፣ ሰማያዊ፣ ዋጋው ገና ተለጥፎበታል።

ሰውዬው መስታወቱን አንኳኳ። በሩን ከፈት አደረግሁ። "እማማ፣ የኋላ መብራትዎ አንዱ አይሠራም፣ ተጠንቅቀው ይንዱ" ብሎ ወደ መኪናው ሄደ። አመሰገንኩት።

ወጥቼ መስታወቱን ፋቅሁ። እጄ ቀዘቀዘ፣ ጓንት ረስቻለሁ። አጠገቤ የቆመውን መኪናዋን የምትፍቅ ሴት እያየችኝ ሳቀች፣ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚፋቀው አለች። ለምን ሳቀችብኝ ብዬ አሰብኩ፣ ትንሽ ብቻ። እውነቷን ነበር፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይሻላል።

ቤት ስደርስ ኮሊን በር ላይ ነበረች። መንገዱ እንዴት ነበር አለች። ደህና አልኳት። ስለ መፋቂያው እሷም አላነሳችም፣ እኔም አልጠየቅኩም። መልሼ ኪሱ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። የመኪናዋ ነው።